የአባቴ የማትካፈል ቁጥር

አባቴ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር ያለውን አፓርታማችንን የወደዱት በቁጥሩ ነው። ከኤርፖርት ይዣቸው መጥቼ፣ ሻንጣቸውን እየጎተትኩ ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ በሩ ላይ የተለጠፈውን 307 ቆመው አዩትና «ይሄ በምንም አይካፈልም፤ ጥሩ ቤት ይዘሻል» አሉኝ። ስለ ጠባቡ ኩሽናም ሆነ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስላለው ጎማ ቤት ትንፍሽ አላሉም። በማግስቱ ፌርማታ ቆመን 522 ቁጥር አውቶቡስ ሲመጣ «ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሃያ ዘጠኝ» አሉ። አጠገባችን የነበረች አበሻ ሴት ስልክ ቁጥር የሚሰጧት መስሏት ዘወር አለች። «ምንም አይደለም እህቴ፣ አውቶቡሱን እያካፈሉት ነው» አልኳት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች፤ አልፈርድባትም።

ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። እኔ ልጃቸው ግን ሒሳብ ሲነሳ ራሴን ያመኛል። ልጅ ሳለሁ ምሳ ለመብላት እንኳ መጀመሪያ «ዘጠና አንድ በስንት ይካፈላል?» የሚል ጥያቄ መመለስ ነበረብኝ። በሰባትና በአሥራ ሦስት መሆኑን እስካሁን ያልረሳሁት በረሃብ ስለተማርኩት ነው።

ከሻንጣቸው ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ባለ ካሬ ደብተር ወጣ። ልጅ ሆኜ እንዳልነካው የተከለከልኩት ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው 3,982,327 ብቻ ነበር። በቤታችን ይህቺ ቁጥር እንደ ሰው ነበረች። ስትጠራም «ቁጥሯ» ተብላ ነው።

ታሪኳ ከቡታጅራ ይጀምራል። አባቴ እዚያ ሲያስተምሩ አንድ ስልጤ ጓደኛ ነበራቸው፤ እሳቸውም ሒሳብ አስተማሪ። አንድ ቀን ጓደኛቸው የገዙት ሎተሪ ሳይወጣላቸው ቀረና ቲኬቱን ቀድደው ሊጥሉ ሲሉ አባቴ እጃቸውን ያዙ። «ቆይ፣ ቁጥሯን ልያት።» የአሃዞቿ ድምር ሠላሳ አራት ስለሆነ በሦስት አትካፈልም። መጨረሻዋ ሰባት ስለሆነ በሁለትም በአምስትም አትካፈልም። በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት ሞከሩ፤ እንቢ አለች። ሲመሽ ሁለቱም ነገሩ ሆዳቸው ገብቶ ነበር። ከራሷና ከአንድ በቀር ማንም የማያካፍላት ቁጥር ትሆን?

ይህንን በእጅ ማረጋገጥ ቀላል አይደለም። ግን ማለቂያ የሌለው ሥራም አይደለም። ቁጥሯ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነች ሁለቱም ትልልቅ ሊሆኑ አይችሉም፤ ታናሺቱ ከ1996 በታች መሆን አለባት። ስለዚህ ከዚያ በታች ያሉትን የማይካፈሉ ቁጥሮች ብቻ አንድ በአንድ መሞከር ይበቃል። እነሱም ከሁለት ተነስቶ እስከ 1993 ድረስ ሦስት መቶ አንድ ናቸው። ካልኩሌተር በከተማው አንድ ነበር፤ እሱም የባንክ ቤቱ። ሁለቱ ሰዎች በእስክሪብቶ ሊጨርሱት ተማማሉ።

ከፋሲካ በኋላ ጀመሩ። በቀን አንዲት ቁጥር፣ ተራ በተራ። ዓርብ ለጓደኛቸው የጁምዓ ቀን ስለሆነ አባቴ ያካፍላሉ፤ እሁድ ደግሞ ጓደኛቸው። «ማካፈል ሥራ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ክርክርም ነበራቸው። ጓደኛቸው ጨዋታ ነው ባይ ናቸው። አባቴ ግን «ላብ ካስወጣ ሥራ ነው» ብለው በበዓል ቀን እስክሪብቶ አይነኩም። ክረምቱም አለፈ፣ ትምህርትም ተከፈተ፤ በየካቲት የመጨረሻዋ ቁጥር 1993 ላይ ደረሱ። ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ቀሪ። ቁጥሯ አትካፈልም ተባለና ሁለት ለስላሳ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲያ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ጓደኛቸው ለፋሲካ ይደውላሉ፣ አባቴ ለኢድ ይደውላሉ። መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ጤና አይደለም።

«ቁጥራችን እንዴት ናት?»

«እንዳለች ናት።»

ስልኩ ከቡታጅራ ሲያትል ሆነ እንጂ ይህ አልተለወጠም።

እዚህ አባቴ ሥራ ፈት ሆኑ። እኔ ኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ፤ ገና ሳይነጋ እወጣለሁ። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ትምህርት ቤት ትውላለች። በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልስላቸዋለች። ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡት በቁጥር ብቻ ነበር። እሳቸው የታርጋ ቁጥር ይጠሩላታል፣ እሷ ታካፍለዋለች። እኔን ያስራበኝ ጨዋታ ለእሷ ጨዋታ ሆነላት፤ አልዋሽም፣ ቀናሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለአበሻ ልጆች አማርኛ የሚያስተምሩበት አዳራሽ አለ። አስተባባሪዋ አባቴ መምህር እንደነበሩ ስትሰማ ደወለች። «ጋሼ፣ የፊታችን ቅዳሜ ለልጆቹ የሒሳብ ክላስ ቢሰጡልን? ሶ፣ በአማርኛ ቁጥር ይለማመዳሉ» አለቻቸው። አባቴ ወዲያው ተላጩ። ቅዳሜ እስኪደርስ አምስት ቀን ይቀር ነበር።

የሚያስተምሩት ምን እንደሆነ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ቁጥሯን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ልጆቹን «እስቲ ስበሯት» ሊሏቸው ነው። ልጄ በትልቅ ካርቶን ላይ ቁጥሯን በቀለም እንድትጽፍ ታዘዘች። ደብተሩን እያገላበጡ «ይህንን ጉድ አሜሪካ ይየው!» ይሉ ነበር። ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። ለክፉ አልነበረም። በአባቴ ሥራ ባልደረቦቼ ፊት ልኮራ ፈልጌ ነው። ቁጥር የሚያካፍል ገጽ ከፍቼ 3982327 ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ መልሱ መጣ። 1327 ሲባዛ በ3001።

ያበላሸሁት እኔ መሰለኝ። እንደገና ጻፍኩት፤ ያው ነው። ከካርቶኑ ጎን ላይ በማርከር አባዛሁት። 1327 በሦስት ሺህ፣ በዚያ ላይ 1327 ሲደመር። አንድም አሃዝ አልጎደለም። ቁጥሯ ትካፈላለች። በዚያ ቅጽበት የተሰማኝን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ሰው የሞተብኝ ያህል ደነገጥኩ።

ደግሞም እንደ ሞት ነው የያዝኩት። በእኛ አገር መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ይደበቃል፣ ሰው ይመክርበታል፣ ከዚያ ማለዳ ተመርጦ ይረዳል። ይህንን ከማንም የበለጠ አውቀዋለሁ። እናቴ ያረፈችው እኔ እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። አባቴ «ብቻዋን ናት፣ አሁን አትንገሯት» ብለው አዘዙ። ስደውል «ተኝታለች»፣ «ጠበል ሄዳለች» እባል ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ማለዳ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በሬን አንኳኩ። ስከፍት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ስስቅና ስበላ እንደነበርኩ ሳስበው ያቃጥለኛል። አባቴን በዚህ ነገር አንድም ቀን ወቅሻቸው አላውቅም፤ ይቅርም ብያቸው አላውቅም።

እንግዲህ እኔም ደበቅሁ። ሐሙስ ማታ የሚወዱትን ዱባ ወጥ ሠራሁ። «ምነው፣ በዓል ነው እንዴ?» አሉኝ። ቁጥሯን እያነሱ ሲጫወቱ አንገቴን ደፍቼ ሳህን አጠብኩ። የክላሱ ነገር ቢሰረዝ ብዬ አስተባባሪዋን ልለምናት እንደሆነም አሰብኩ፤ ግን በምን ሰበብ?

ልጄ ኩሽና ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች።

«ኖት ፕራይም፣ ማሚ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ቁጥሯ ትካፈላለች ማለቷ ነው። «ቼክ አድርጌያለሁ።»

ለካ ካርቶኑን ከመቀባቷ በፊት እሷም ስልክ ላይ አይታዋለች። «ለአባባ እንዳትነግሪ» አልኳት።

«ለምን? ልጆቹ ሁሉ ስልክ አላቸው እኮ።» ይህንን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ነው ያለችኝ፤ ነገሩ የምር ሲሆን ወደ አማርኛ ትመጣለች። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው። አባቴ ሰሌዳው ፊት ቆመው ሳሉ አንዱ ጩጬ ከኋላ ተነስቶ መልሱን ሲያነብላቸው ታየኝ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ቡታጅራ ደወልኩ። እዚያ ምሽት ነበር። የአባቴ ጓደኛ ድምፄን ሲሰሙ ደነገጡ። ያለ በዓል የሚደወል ስልክ ያስደነግጣል።

«ጋሼ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ቁጥሯ ናት። ትካፈላለች።»

«በስንት?»

«በ1327።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ደብተሩን ክፈቺው። እዚያች ቁጥር ጎን ቀሪ አልተጻፈም። ‹ሚካኤል› የሚል ነው የተጻፈው» አሉኝ።

ታሪኩን ነገሩኝ። ኅዳር አሥራ ሁለት ነበር፣ ተራው የአባቴ። አባቴ ከቁጥሯ ጎን «ሚካኤል» ብለው ጽፈው ለንግሥ ገጠር ሄዱ፤ ሲመለሱ ሊሠሯት ነበር። 1327 የገጹ የመጨረሻ መስመር ናት። ከእሷ በኋላ እስከ 1361 ድረስ የማይካፈል ቁጥር ስለሌለ አዲሱ ገጽ የሚጀምረው በ1361 ነው። ጓደኛቸው በማግስቱ አዲሱን ገጽ ጀመሩ፤ አባቴም ሲመለሱ ከዚያው ቀጠሉ።

«እርስዎ ባዶ መሆኗን አይተው ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ልጄ፣ የታቦታቸው ስም ተጽፎበት እያየሁ ‹ይሄን ለምን አልሠራህም› ልበለው? ነውር ነው። እኔ ብሠራት ደግሞ አላመንኩህም ማለት ነው። ሠርቷት ረስቶ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ለስላሳው ተከፈተ፤ አለፈ።»

ሁለት ብልህ ሰዎች ሦስት መቶ ቁጥር በላብ አካፍለው አንዷን በይሉኝታ ለቀቋት። መናደድም መሳቅም አማረኝ። «ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«በጠዋት ንገሪው። ከመብላቱ በፊት፣ ተቀምጦ ሳለ። ሰው ፊት እንዳይሆን።» መርዶ እንዴት እንደሚረዳ ነው የነገሩኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ተነሳሁ። አባቴ ዳዊታቸውን ደግመው ጨርሰው፣ ሱፋቸውን ለብሰው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ብርድ ብርድ ስላለኝ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ሳላስተውል ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌዋለሁ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው ተለወጠ።

«ማነው?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም፣ አባዬ።» ነጠላውን ከላዬ ገፈፍኩት። «ቁጥሯ ናት። ትካፈላለች።»

እኔ ደብተሩን ገልጬ ገጹን አወጣሁላቸው። ከላይ 1321፣ ቀሪ 833፣ በጓደኛቸው ጽሕፈት። ከሥሩ 1327፣ «ሚካኤል»። መነጽራቸውን አጠለቁና ጣታቸውን ቃሉ ላይ አደረጉ። ከዚያ ንጹህ ወረቀት ጠየቁኝ። ስልክ ላሳያቸው ስል እጃቸውን አወዛወዙ።

ማካፈል ጀመሩ። 3982 ውስጥ 1327 ሦስት ጊዜ ይገባል፤ አንድ ይቀራል። ሦስትን አወረዱ፤ አሥራ ሦስት ሆነ፣ አይበቃም። ሁለትን አወረዱ፤ መቶ ሠላሳ ሁለት፣ አይበቃም። ሰባትን ሲያወርዱ 1327 ራሷ ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ጊዜ። ቀሪ የለም።

አንድ ደቂቃ አልፈጀም። በዚያ ደብተር ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀላሏ እሷ ነበረች።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ከሐሙስ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ቂል ሳወራ ዝም ብለሽ አየሽኝ?»

አስቤበት አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ። «እርስዎ እኔን አሥራ አንድ ቀን ዝም ብለው አይተውኛል።»

ከተናገርኩ በኋላ መመለስ አይቻልም። ልጄ ከመኝታ ቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቴ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ለአንቺ ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። እኔም ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ወረቀቱን ወደ ጎን ገፉት። «ቁጥሯ መካፈሏ ያን ያህል አልከፋኝም» አሉ። «ሁለቱ ቀን ናቸው የከፉኝ። ሰው እያወቀ እኔ ስስቅ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አሥራ አንድ ብዙ ነው። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

አባቴ ለማንም ይቅርታ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ፤ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በእጃቸው ያዙኝ። ከዚያ ደብተሩን ስበው «ሚካኤል» ከሚለው ጎን 0 ጻፉ፤ ከሥሩም የዕለቱን ቀን አደረጉበት።

«ክላሱን ልሰርዘው?» አልኳቸው።

«ለምን ተብሎ? ትምህርቱ ገና አሁን ነው የተሟላው።»

አዳራሹ ውስጥ ወደ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ነበሩ። አባቴ ልጄ የቀባችውን ካርቶን ሰቅለው ሁሉንም ነገሯቸው። ሎተሪውን፣ ሦስት መቶ አንዱን፣ ሚካኤልን። ያልገባቸውን ልጄ ታስተረጉማለች። አንዱ ስልኩን አውጥቶ መልሱን ሲጮህ አባቴ «ጎበዝ፤ እኛ አርባ ዓመት ፈጀብን» አሉትና አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ያለ ስልክ አካፍለው እንዲያሳዩ ወረቀት አደሉ። አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ መቶ ሠላሳ ሁለት፣ 1327፤ ልጆቹ ቁጥሯ ስትመጣ ሲያዩ የሚያሰሙት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከአዳራሹ ሳንወጣ ቡታጅራ አስደወሉኝ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። ጓደኛቸው ፈራ ተባ እያሉ የተለመደውን ጠየቁ።

«ቁጥራችን እንዴት ናት?»

«ሁለት ሆናለች» አሉ አባቴ። «3001ን አንተ ውሰዳት። 1327 የኔ ናት፤ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

«አይቼ ዝም ያልኩትስ እኔ አይደለሁ?»

«ሁለተኛ ዝም እንዳትለኝ። ሚካኤልም ቢሆን ጠይቀኝ።»

«እሺ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ ጓደኛቸው። አባቴም «በጣም አደረ እንጂ» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ቤት ደርሰን መኪናውን ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳጠፋ ልጄ ቁልፉን ይዛ ቀድማ ወጣች። አባቴ ግን የመቀመጫ ቀበቷቸውን አልፈቱም። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር።

«እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት» አሉ ፊት ለፊት እያዩ፣ «ምን ምን ስታደርጊ ሰነበትሽ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቀን በቀን ነገርኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ሥራ ገባሁ። በሁለተኛው ጓደኛዬ ልደት ሄጄ ጨፈርኩ። አባቴ በጣታቸው እየቆጠሩ ያዳምጣሉ፤ አንዱንም አላስዘለሉኝም። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ሰባተኛው?» አሉኝ።

«ለእማዬ ቀሚስ ገዛሁላት። ሰማያዊ፣ ረጅም እጅጌ ያለው። ሰው ሲሄድ ልልክላት።»

«የት አለ?»

«ቁም ሳጥኔ ውስጥ። ከነፌስታሉ።»

ቀበቷቸውን ፈቱ። «ነይ» አሉኝ፤ «አሳዪኝ።»